ሥዕሉ ከመሸጡ በፊት፦ ከኦሪጅናል ሥዕል ጥሩ ፕሪንት የማውጣት ሥራ፣ ከሀ እስከ ፐ

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ሸጥኩ። መርካቶ ውስጥ ያለውን ምናለሽ ተራን የሚያሳይ ነበር። የተቆለለ ቆርቆሮ፣ የተደረደረ ጣሳ፣ መሀል ላይ አንድ ሰማያዊ በርሜል። ገዢዋ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ነበረችና ሥዕሉን ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ከዚያ በኋላ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ያየ ሁሉ «ፕሪንት የለውም?» ይለኝ ጀመር። በእጄ የቀረው ግን በስልክ ያነሳሁት አንድ ፎቶ ነው። እሱም ሲላክ ተጨምቆ 1280 በ960 ፒክስል ሆኗል። በጥሩ ጥራት ቢታተም 11 በ8 ሴንቲ ሜትር ቢወጣው ነው። ፖስትካርድ እንኳን አይሞላም።

ያንን ሥዕል ዳግመኛ አላየሁትም። ምናለሽ ተራን ግን እንደገና ሣልኩት፣ 80 በ60 ሴንቲ ሜትር ሸራ ላይ። ሁለተኛውን ከመሸጤ በፊት ፕሪንቱን ሥርዓት ባለው መንገድ አወጣሁ። እዚህ የምጽፈው ያንን አሠራር ነው። መነሻዬም አንድ ነው፦ የፕሪንት ጥራት የሚወሰነው ማተሚያ ቤት ውስጥ አይደለም። ሥዕሉ ካሜራ ፊት የቆመ ዕለት ነው። ካሜራው ያልያዘውን ቀለም የትኛውም ውድ ፕሪንተር አይመልሰውም።

መቼ ይነሳ?

ሥዕሉ ደርቆ፣ ቫርኒሽ ሳይቀባ፣ ፍሬም ውስጥ ሳይገባ። ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ያብረቀርቃል፤ ነጸብራቁን ለማጥፋት የሚፈጀው ጊዜ ሌላ ሥዕል ያስጀምራል። በመስታወት ፍሬም ውስጥ ያለ ሥዕልማ አይነሳም፣ ይውጣ። ዘይት ቀለም የመጨረሻ ቫርኒሹን ለመቀባት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት እንዲጠበቅ ይመከራል። ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት የሚበቃ ጊዜ አላችሁ።

ከማንሳታችሁ በፊት በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ። አሁን በብሩሽ አንድ ደቂቃ የሚወስደው አቧራ በኋላ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ሰዓት ያስቀምጣችኋል።

ስንት ፒክስል ያስፈልጋል?

ስሌቱ ቀላል ነው። የፕሪንቱን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ያዙ፣ ወደ ኢንች ለመቀየር ለ2.54 አካፍሉ፣ ከዚያ በ300 አባዙ፤ ጥሩ ፕሪንት በእያንዳንዱ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋልና። 40 ሴንቲ ሜትር ፕሪንት 4724 ፒክስል ይፈልጋል ማለት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 7087።

ብዙ ሰው እጅ የሚገኘው ካሜራ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ 6000 በ4000። የእኔ ሥዕል ቅርጹ ከካሜራው ትንሽ ይለያል፤ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ወደ 5200 በ3900 ይቀራል። በ40 ሴንቲ ሜትር ሲታተም በእያንዳንዱ ኢንች 330 ፒክስል ይደርሰዋል። እጅግ ጥሩ ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር 220 ይሆናል። አንድ ሜትር ርቆ ለሚያየው ሰው ይህም ይበቃል። በሥዕሉ ሙሉ መጠን፣ በ80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 165 ገደማ ይወርዳል። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የብሩሹ ጭረት ይደበዝዛል።

ለትልቅ መጠን መፍትሔው ሥዕሉን ከፋፍሎ ማንሳት ነው። አራት ወይም ስድስት ቦታ ታነሱታላችሁ፤ እያንዳንዱ ፎቶ የጎረቤቱን አንድ ሦስተኛ ይደርባል፤ ከዚያ ፎቶሾፕ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። እዚህ ላይ ካሜራውን ግራና ቀኝ ማዞር አይቻልም። ካሜራውም መብራቱም ባሉበት ይቆዩና ሥዕሉን ራሱን ወደ ጎን አንሸራትቱት። ካሜራው ከዞረ መስመሮቹ ይጣመማሉ፣ ስፌቱም ይታያል።

ትንሽ የውሃ ቀለም ወይም የእርሳስ ሥራ ከሆነና ኤ 4 የማያልፍ ከሆነ፣ ካሜራም አያስፈልግም። ጥሩ ጠፍጣፋ ስካነር ላይ በእያንዳንዱ ኢንች በ600 ፒክስል አስነብቡት፤ እጥፍ አድርጋችሁ እስከማተም ያደርሳችኋል። ወፍራም ዘይት ቀለም ግን ስካነር ላይ አይጫንም። መስታወቱ የቀለሙን አናት ይጨፈልቀዋል።

በስልክስ? የዘመኑ ስልክ ለማስታወቂያና ለትንሽ ካርድ ይሆናል። ለዋና ፕሪንት ግን አልመክርም። ስልኩ ሳትጠይቁት ቀለም ያደምቃል፣ ጠርዝ ያሾላል፣ ጥላ ያነጣል። ሥዕሉን ሳይሆን የራሱን ምርጫ ይሰጣችኋል። ካሜራ ከሌላችሁ ለአንድ ቀን ተከራዩ። አምስት ስድስት ሥዕል አጠራቅማችሁ በአንድ ቀን ብታነሱ ወጪው ይቀላል።

ብርሃን

አብዛኛው ሥራ እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሰማይ ብርሃን ነው። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አዲስ አበባ ሰማዩ ሙሉ ለሙሉ በደመና ሲሸፈን ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይወርዳል። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ በረንዳ ላይ የቆመ ሥዕል ጥላም ነጸብራቅም ሳይበዛበት ይነሳል። ችግሩ ደመናው ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሁለት ፎቶ መካከል ቀለሙ ይለወጣል። ዙሪያውንም አስተውሉ። ሰማያዊ የተቀባ የጎረቤት አጥር፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ ሁሉም ሥዕሉ ላይ ቀለሙን ይረጫል። የለበሳችሁት ቀይ ሹራብም እንዲሁ። ጥቁር ልበሱ።

ሁለተኛው መንገድ ሁለት መብራት ነው፤ እኔ የምመርጠውም ይህንን ነው። ሁለቱ መብራቶች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፦ ያው ፋብሪካ፣ ያው ኃይል፣ ያው ዕድሜ። ኤል ኢ ዲ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ሲ አር አይ የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። 95 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ይህ ቁጥር መብራቱ ቀለማትን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ይነግራችኋል። ርካሽ አምፖል ቀዩን ይበላዋል፤ የፊት ቀለም የሬሳ ያስመስላል። የብርሃኑ ቀለም ከ5000 እስከ 5500 ኬልቪን ቢሆን ጥሩ ነው። የክፍሉን አምፖል አጥፉ፣ መጋረጃውን ዝጉ። ሁለት ዓይነት ብርሃን ከተቀላቀለ የሚያስተካክለው የለም።

መብራቶቹን በሥዕሉ ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ አቁሙ። በደንብ አርቋቸው፤ ቢያንስ የሥዕሉን ሰያፍ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ። ከዚያ የግራው መብራት ወደ ሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ጠርዝ እንዲያነጣጥር አድርጉ። እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ መሀል ላይ አይከማችም።

እኩል መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? እርሳስ አምጡ። ሥዕሉ መሀል ላይ፣ ሳይነካ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ካሜራው አቅጣጫ ያዙት። ሁለት ጥላ ይወጣል፤ አንድ ወደ ግራ አንድ ወደ ቀኝ። ርዝመታቸው እኩል፣ ጥቁረታቸውም እኩል ከሆነ መብራቶቹ ተመጣጥነዋል። አንዱ ከጠቆረ ከእርሱ በተቃራኒ ያለው መብራት በርትቷል፤ ትንሽ አርቁት። ከዚህ በኋላ በሥዕሉ ቦታ አንድ ነጭ ወረቀት አራቱም ማዕዘንና መሀል ላይ እያዞራችሁ አንሱ። ኮምፒዩተር ላይ የነጩ የብሩህነት ቁጥር (ከ0 እስከ 255 የሚነበበው) ከቦታ ቦታ ከሦስት አራት በላይ መራቅ የለበትም። ከራቀ መብራቱን ደግማችሁ አንቀሳቅሱ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ይህንን ለማስተካከል አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። አሁን አሥር ደቂቃ ይበቃኛል፤ ወለሉ ላይ የመብራቶቹን እግር ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ።

ካሜራውን ከሥዕሉ ጋር ማስማማት

ሥዕሉና ካሜራው ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብለው መተያየት አለባቸው። ትንሽ ካዘነበለ አራት ማዕዘኑ ትራፔዝ ይሆናል፤ ኮምፒዩተር ላይ ቢቃናም ጥራቱ ይጎዳል።

በዓይን መገመት አያስፈልግም፤ መስታወት ይበቃል። የኪስ መስታወት ሥዕሉ በቆመበት ሰሌዳ ላይ፣ በሥዕሉ መሀል ትክክል፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ለጥፉ። በካሜራው ስታዩ የራሱ የሌንሱ ጥቁር ቀዳዳ መስታወቱ ውስጥ ይታያችኋል። ቀዳዳው በትክክል የምስሉ መሀል ላይ እስኪገባ ድረስ ትራይፖዱን (ካሜራው የቆመበትን ባለ ሦስት እግር) አስተካክሉ። ሲገባ ካሜራውና ሰሌዳው ተስማምተዋል። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ወደ ኋላ ካዘነበለ መስታወቱን ራሱ ሸራው ባለበት ዝንባሌ ያዙት። መስታወቱን ካነሳችሁ በኋላ ትራይፖዱን እንዳትነኩት።

ሌንሱ ሰፊ አይሁን። ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ያለው ይሻላል፤ ማክሮ የሚባለው፣ በጣም ቀርቦ የሚያነሳው ሌንስ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ሰፊ ሌንስ ጠርዞቹን እንደ በርሜል ያሳብጣል።

ከዚያ ካሜራውን በእጅ ማስተካከያ ላይ አድርጉት። አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8። ፍጥነቱ እንደ ብርሃኑ ነው፤ ትራይፖድ ላይ ስለሆነ ቢዘገይም ችግር የለም። በጣታችሁ አትጫኑት፣ የሁለት ሰከንድ ቆጣሪውን ተጠቀሙ። ፎቅ ቤት የእንጨት ወለል ላይ ከሆናችሁ ስታነሱ አትራመዱ። ፋይሉ ሮው በሚባለው ቅርጽ ይሁን። ጄፔግ ካሜራው አብስሎ የሚያቀርበው ነው፤ ሮው ግን ጥሬው ነው። እኛ የምንፈልገው ጥሬውን ነው።

የመጀመሪያውን ፎቶ ስታነሱ ሥዕሉ አጠገብ ግራጫ ካርድ ወይም ባለ 24 ቀለም ካርድ አስቀምጡ። ይህ ካርድ በኋላ ፍርድ ሰጪያችሁ ነው። የእኔ ዓይን ደክሞት «ትንሽ ሞቅ ይበል» ሲል ካርዱ ግራጫ መሆኑን አይተውም።

ነጸብራቅን በተመለከተ

ዘይት ቀለም ያብረቀርቃል። በተለይ ጨለማው ክፍል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይወጣል። መብራቱን ወደ ጎን ማስፋት ይረዳል። ካልጠፋ ፖላራይዘር የሚባል ነጸብራቅ የሚያጣራ ነገር ያስፈልጋል፦ መብራቶቹ ላይ የፖላራይዘር ፕላስቲክ፣ ሌንሱ ላይ ደግሞ ክብ ማጣሪያ። ማጣሪያውን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ ነጸብራቁ እንደ ጤዛ ይጠፋል፤ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል።

ግን ሙሉ ለሙሉ አታጥፉት። ወፍራም ብሩሽ ያለበት ሥዕል በጉብታው አናት ላይ ትንሽ ብልጭታ ካልቀረለት ጠፍጣፋ ፖስተር ይመስላል። እኔ ሁለት አነሳለሁ፤ አንዱን ያለ ነጸብራቅ፣ አንዱን በጥቂቱ። በኋላ ሁለቱን ደርቤ የብልጭታውን ልክ እመርጣለሁ። በምናለሽ ተራ ላይ ቆርቆሮው እንዲያብረቀርቅ ተውኩት፤ ከጀርባው ጥላ ላይ ግን ነጸብራቁን አጠፋሁት።

ወርቅና ብር ቀለም ያለበት ሥራ ካላችሁ አስቀድማችሁ እወቁት፦ ወርቅ አይታተምም። የቅዱሳን ሥዕል ላይ ያለው አክሊል በፕሪንት ቡናማ ወይም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ሠዓሊዎች ፕሪንቱ ላይ ወርቁን በእጃቸው ይጨምራሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለደንበኛው ግን ይነገረው።

ኮምፒዩተር ላይ

መጀመሪያ ስክሪኑ ራሱ ይስተካከል። የብዙዎቻችን ስክሪን ከልክ በላይ ብሩህ ነው። «ስክሪን ላይ ያማረው ፕሪንቱ ጨለመብኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ካሊብሬተር የሚባል፣ ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀለም የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። ከጓደኛ ተዋሱ፣ አንዱ ገዝቶ አምስት ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ብርሃኑን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ላይ አውርዱት። መጀመሪያ ድንግዝግዝ ይልባችኋል። ትለምዱታላችሁ።

ሥዕሉን ከስክሪኑ አጠገብ አቁሙት። ይህንን ደጋግሜ እላለሁ። ትዝታ ቀለም አይይዝም፤ ሥዕሉ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ ቀለም ማስተካከል መገመት ነው። ያንኑ ጥሩ መብራት አብሩለትና እያያችሁ ሥሩ።

ሥራው ብዙ አይደለም። ግራጫ ካርዱን ጠቅ አድርጋችሁ ነጩን አስተካክሉ። ሌንሱ ያጣመመውን አቅኑ፣ ዳሩን ቁረጡ። አቧራና ፀጉር ካለ አጥፉ። ብሩህነቱን ከሥዕሉ ጋር አመሳስሉ። በቃ። ቀለም ማድመቂያውን አትንኩት። እኔ ሠዓሊ ስለሆንኩ ፈተናውን አውቀዋለሁ፤ «እዚህ ጋ ቀዩን ትንሽ ባበረታው» ያሰኛል። ያ ሌላ ሥዕል ነው። ከፈለጋችሁት ሸራው ላይ ሣሉት።

ሲቀመጥ ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ቅርጽ፣ በ16 ቢት ቲፍ፣ አዶቤ አር ጂ ቢ በሚባለው የቀለም ክልል ይቀመጥ። ኤስ አር ጂ ቢ ለስልክና ለድረ ገጽ ነው፤ ጠበብ ይላል። ወደ ሲ ኤም ዋይ ኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለማት፣ ራሳችሁ አትቀይሩት። ለጥበብ ፕሪንት የሚሠሩ ፕሪንተሮች ከአራት ቀለም በላይ ስላላቸው ፋይሉን ወደ አራት ማጥበብ ያላችሁን ቀለም መጣል ነው። ማተሚያ ቤቱ ካዘዘ ብቻ ይቀየር።

ዋናውን ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ ያዙ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። የእኔን የመጀመሪያ ሥዕል ያጠፋው ይኸው ነው።

ቀለምና ወረቀት

የድሮ ፀጉር ቤት መስኮት ላይ የተለጠፈ ፖስተር አይታችኋል? ሞዴሎቹ ሁሉ ሰማያዊ ሆነዋል። ቀዩና ቢጫው በፀሐይ ተበልቶ ሰማያዊው ብቻ ቀርቷል። ፕሪንታችሁ እንደዚያ እንዳይሆን መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፦ ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይስ ዳይ? ዳይ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ነው፤ ደማቅ ነው፣ ግን ብርሃን ቶሎ ይበላዋል። ፒግመንት ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ሠዓሊ ቱቦ ውስጥ ካለው ጋር ዘመድ ነው። በጥሩ ወረቀት ላይ፣ ከፀሐይ ተጠብቆ፣ አሥርት ዓመታት ይቆያል።

ዢክሌ የሚለውን ስም ብዙ ትሰማላችሁ። በ1991 እ.ኤ.አ. ጃክ ዱጋን የተባለ አታሚ፣ ካሊፎርኒያ ናሽ ኤዲሽንስ ውስጥ ሲሠራ ያወጣው ስም ነው፤ መርጨት ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ። ያኔ ይታተምበት የነበረው ማሽን ቀለም ቶሎ ይደበዝዝ ነበር። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ማንም ዢክሌ ብሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ቀለሙንና ወረቀቱን ጠይቁ።

ወረቀቱ ከአሲድ ነጻ ይሁን። ከተቻለ መቶ በመቶ ጥጥ፣ ክብደቱም በካሬ ሜትር ወደ 300 ግራም። ከ1584 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወረቀት የሚሠራው የጀርመኑ ሃነሙለ 308 ግራም የጥጥ ወረቀት በዓለም ላይ በሰፊው ይሠራበታል። በጣም ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወረቀት ከሆነ ማንጫ ኬሚካል አለበት ማለት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ይቢጫል። ማት የሚባለው የማያብረቀርቅ ወረቀት ለውሃ ቀለምና ለስስ ሥራ ይስማማል። ጥልቅ ጥቁር ለሚፈልግ ዘይት ቀለም ከፊል የሚያብረቀርቀው ይሻላል።

ሸራ ላይ ማተምስ? ብዙ ደንበኛ ይጠይቃል። እኔ አልወደውም። ፕሪንት ፕሪንት መሆኑ ሊያሳፍረው አይገባም። ሸራ ላይ ሲታተም ግን ኦሪጅናል ለመምሰል ይሞክራል። ወረቀት ላይ፣ ዙሪያውን አምስት ሴንቲ ሜትር ነጭ ጠርዝ ይዞ ሲወጣ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ማተሚያ ቤት

ባነር ቤት ለባነር ነው። ማሽኑ ትልቅ ቢሆንም ቀለሙ ለፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ነጥቡም ሻካራ ነው። ኦፍሴት ደግሞ ሺህ ፖስተር ወይም ካርድ ለሚያወጣ ሰው ያዋጣል። ለ20 ለ30 ጥሩ ፕሪንት ግን የፒግመንት ፕሪንተር ያለው ሰው ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የፎቶ ባለሙያዎች ጋ ነው የሚገኘው። ኤፕሰን ፒ 900 እና ካነን ፕሮ 1000 እስከ ኤ 2፣ ማለትም 42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር፣ የሚያትሙ ናቸው። ለአብዛኛው ሠዓሊ ይህ መጠን ይበቃዋል።

ስትሄዱ የወረቀቱን አይ ሲ ሲ ፕሮፋይል ጠይቁ። ይህ ያ ፕሪንተር፣ በዚያ ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዱን ቀለም እንዴት እንደሚያወጣ የሚናገር ትንሽ ፋይል ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ ስታስገቡት ፕሪንቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ አስቀድሞ ያሳያችኋል። የትኞቹ ቀለማት ከፕሪንተሩ አቅም በላይ እንደሆኑም ምልክት ያደርጋል። ደማቅ ብርቱካናማና አልትራማሪን ሰማያዊ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ናቸው። «ፕሮፋይል ምንድን ነው?» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ሙከራ

በቀጥታ ሙሉውን አታሳትሙ። ከሥዕሉ ሦስት አስቸጋሪ ቦታ ምረጡ። የእኔ ከቆርቆሮው ሥር ያለው ጥላ፣ የአንዲት ሴት ጉንጭና ሰማያዊው በርሜል ነበሩ። እያንዳንዱን በአራት ጣት ያህል ስፋት ቆርጣችሁ፣ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ወረቀት ላይ አሳትሙ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ላይ በርሜሉ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ነበር። አልትራማሪን ሲታተም ወደ ወይን ጠጅ መሸሽ ልማዱ ነው። ሰማያዊውን ብቻ መርጬ፣ ከውስጡ ቀዩን በጥቂቱ ቀነስኩ። ሁለተኛው ወደ አረንጓዴ አጋደለ፤ አብዝቼዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ተገናኘ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ያደረግኩትን በእርሳስ ጽፌ ነበር። ያ ባይሆን ሦስተኛው ላይ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

ከማሽኑ ላይ እንደወጣ አትፍረዱ። እርጥብ ቀለም ይጠቁራል። ቢቻል አሳድሩት። በማግስቱ መስኮት ሥር ከሥዕሉ ጎን አድርጋችሁ እዩት፣ ማታ ደግሞ በቤት አምፖል እዩት። በቀን ብርሃን የተመሳሰለ ቀለም በአምፖል ሊለያይ ይችላል። ሁለቱንም ቦታ ካለፈ ይታተም።

ስለ ህትመቱ ቀን ሁለት ነገር ብቻ። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ወረቀቱ ላይ መስመር ይቀራል፤ ስለዚህ ፕሪንተሩ ዩ ፒ ኤስ ላይ መሆኑን ጠይቁ። ወረቀቱን ደግሞ በአንድ እጅ አታንሱት። ወፍራም የጥጥ ወረቀት በአንድ ጎን ሲነሳ ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ እንደ ጨረቃ ግማሽ የሆነ ስብራት ይወጣል፤ እሱ አይጠፋም። በሁለት እጅ፣ በተቃራኒ ማዕዘን፣ በጥጥ ጓንት። ፍሬም ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ይተንፍስ።

ቁጥርና ፊርማ

ስንት እንደምታወጡ አስቀድማችሁ ወስኑ። 50 ካላችሁ 50 ነው። ገበያው ደራ ብሎ 51ኛውን ማውጣት ከዚያ በፊት የገዙትን ሁሉ መካድ ነው። በሌላ መጠን የማውጣት ሐሳብ ካላችሁም ሽያጭ ሳይጀመር ይነገር። ከሥዕሉ በታች ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ፣ በስተግራ 3/50 (ከ50ው ሦስተኛው ማለት ነው)፣ መሀል ርዕሱ፣ በስተቀኝ ፊርማ። በእርሳስ። እስክሪብቶ ይፈሳል፣ ይደበዝዛልም። የትኛው ቁጥር ለማን እንደሄደ መዝግቡ።

አንድ ነገር ስለ መብት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው ባለቤት ሠዓሊው ነው፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሥዕሉን የገዛ ሰው ሸራውን ገዛ እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም። ቢሆንም ስትሸጡ «ፕሪንት አወጣለሁ» የሚል አንድ መስመር ደረሰኙ ላይ ጻፉ። ወዳጅነት ይጠብቃል። የሌላ ሰው ፎቶ አይታችሁ የሣላችሁት ከሆነ ደግሞ ከማባዛታችሁ በፊት ፎቶ አንሺውን ጠይቁ።

መጠቅለልና መላክ

አገር ውስጥ ከሆነ ጠፍጣፋ ይሂድ፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል። ውጭ አገር ለሚሄድ ቱቦ ይሻላል፤ ቱቦው ግን ቀጭን አይሁን፣ ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ፕሪንቱን ከአሲድ ነጻ በሆነ ስስ ወረቀት ሸፍናችሁ፣ ምስሉ ወደ ውስጥ ሆኖ ጠቅልሉ። ጫፍና ጫፉን በወረቀት ሙሉት፤ እንዳይንሸራተት። የክረምት እርጥበት ስላለ በላዩ ፕላስቲክ ይጨመር።

ውስጡ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ አስገቡ፦ «ሲደርስ ወዲያው አይከፈት፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ በላዩ ንጹሕ ወረቀትና ሰፊ መጽሐፍ ተደርጎበት አንድ ሌሊት ይደር። ፍሬም ሲገባ መስታወቱ ወረቀቱን አይንካው፤ በመካከል የካርቶን ክፈፍ ይግባ። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ይራቅ።» ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው የመጀመሪያዋ ገዢዬም ከሁለተኛው ምናለሽ ተራ 1/50ን የላክሁላት በዚህ ማስታወሻ ነው።